ወንድሜ ጓዳ ውስጥ የጠበቀው መንግሥት

በዚያ ዘመን ደሴ ውስጥ ስለ መንግሥት አስተያየት የሌለው ሰው አልነበረም፤ በግልጽ የሚናገረው ግን አላየሁም። ሰው ዝም ይል ነበር ማለቴ አይደለም። እንዲያውም እንደዚያን ጊዜ ሰው ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም፤ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ሰርግ ነበር። «ሁለቱ ቤተሰቦች ተስማሙ አሉ።» «ሽማግሌ ተልኮ በጥሎሹ አልተግባቡም።» «ሙሽራው ኩታበር ገበያ ታይቷል።» እንግዳ ሰው ቢሰማን ወሎ በሙሉ ልጁን ሊድር የተነሳ ይመስለው ነበር። ቤተሰቦቹ በሰሜኑ ተራራ ደርግን የሚወጉት ግንባሮች ናቸው፤ ሰርጉ ደግሞ የነሱ መጣመር። ሙሽሪት ማን እንደሆነች የሚጠይቅ አልነበረም። እኛው ነበርን።

እኔ ያን ጊዜ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል እሠራ ነበር። ጠዋት በፋብሪካው ሰርቪስ የዶሮ መዝለያን ቁልቁለት እየተጠማዘዝን ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት እንወርዳለን፤ ማታ ሹራባችንን መልሰን እየለበስን እንወጣለን። በዚህ ምክንያት የቤታችን ወሬ አመላላሽ እኔ ሆንኩ። አባቴ ፒያሳ ካንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ ስለነበር የሚሰማው የደሴን ነው፤ የኮምቦልቻን ደግሞ እኔ አመጣለሁ። ሁለቱ ከተሞች ጎረቤት ይሁኑ እንጂ ወሬያቸው አይገጥምም ነበር። ደሴ የቢሮ ከተማ ናት፤ ደሞዝተኛው «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይላል። ኮምቦልቻ የላብ አደርና የከባድ መኪና ሾፌር ከተማ ናት፤ ሾፌር መንገዱ ይከፈትለት እንጂ ማን ከፈተው ብሎ አይጨነቅም።

እቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ከጓዳ በሹክሹክታ ድምፅ ይመጣል። «እትዬ፣ ምን አሉ?» ታናሽ ወንድሜ ነው። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ማፈስ ከጀመረ ወዲህ ጓዳ ውስጥ፣ ከእህል ጆንያና ከአባቴ የጨርቅ ጥቅል ጀርባ ተደብቆ ይኖር ነበር። ለሰው «አሰብ ሥራ አግኝቶ ሄዷል» እንላለን። የሰፈሩ ሰው ያመነን ይመስላል፤ እኛም ማመኑን ያመንን እንመስላለን። አንዳንድ ቀን ግን ጎረቤት እናቴን «ያ አሰብ ያለው ልጅሽ ሳሉ ተሻለው ወይ?» ብላ ትጠይቃታለች። እናቴም «አልሐምዱሊላህ፣ ተሻለው» ትላለች። የኛ ሰው እንዲህ ነው።

ወንድሜ ፀሐይ ካየ ሰንብቶ ፊቱ የገረጣ፣ ሲያስለው ትራስ የሚነክስ፣ አባቴ የሚያመጣለትን ሱሪ እግሩን እያጠፈ የሚዘመዝም ጎረምሳ ሆኖ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ዓመት መቀመጥ የሚባል ነገር ጠፋኝ። ቤት ስሆን ፋብሪካው ይናፍቀኛል፣ ፋብሪካ ስሆን አሁን ቤቱ ተፈተሸ ይሆን እያልኩ ክሩ እጄ ላይ ይበጠሳል። ሰርቪስ ውስጥ እንኳ መንገዱን ሙሉ እግሬ ወለሉን ሲመታ ከፊት ያለው ሰው ዞር ብሎ ያየኛል።

አንድ መውጫ ነበረ። የእናቴ ወንድም ከኮምቦልቻ አሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። «ልጁን ስጡኝ፣ ከጭነት ሥር አድርጌ አደርሰዋለሁ፤ ከዚያ ባሕሩን መሻገር የሱ ፈንታ ነው» ብሎ ነበር። መንገዱ ኬላ የበዛበት ነው፤ ከተያዘ ሁለቱም አለቀላቸው። ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነበር፦ የተጣመሩት ቶሎ ይገባሉ ወይስ አይገቡም? ከገቡ ወንድሜ ከጓዳው በእግሩ ይወጣል። ካልገቡ መሄድ አለበት። ሌላው ሰው «እነዚህ ተጣምረው መንግሥት ይሆናሉ?» ሲል ለወሬ ነው። እኛ ቤት የሚጠየቀው የወንድሜ ነፍስ ነበር።

አባቴ ከጥምረቱ ወገን ነበር። «እነዚህ የሚገዙን ስንት ናቸው?» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጥቂት መኮንኖች! ቢቆጠሩ አንድ አውቶቡስ አይሞሉም። ያገር ሰው ሁሉ አንድ አውቶቡስ ይፈራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።»

«አንበሳውን አስሮ ሲጨርስስ ድሩ ማንን ነው የሚያስር?» ትላለች እናቴ። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።»

«ወጡ እኮ አሯል! ጉልቻውም ተሰብሯል!»

«እሱን ተወኝ። እኔ ልጄን ኸወንድሜ ጋር ልላክ ነው የምልህ።»

«ታገሺ። ሰብል ሳይሰበሰብ ይገባሉ። ወላሂ ይገባሉ!»

ሰብሉ ተሰበሰበ፤ አልገቡም። ኩታበር ድንች ሊሸጡ የወረዱ ሴቶች «በዓይናችን አየናቸው» ይላሉ፤ በማግስቱ ሬዲዮው «የወንበዴው ርዝራዥ ተደመሰሰ» ይላል። ቀበሌው ሰብስቦን «በተጣመሩት ጠላቶች ላይ የሰፊው ሕዝብ አቋም» ብሎ ከላይ የመጣውን ያነብልናል፤ እኛም መዳፋችን እስኪቀላ እናጨበጭባለን። አቋማችን ቀድሞ ተጽፎ ስለሚመጣ የሚቀረን ማጨብጨቡ ብቻ ነበር። አባቴ ከሁሉ በላይ ያጨበጭብ ነበር። ጓዳ ውስጥ ያስቀመጠው ነገር አለዋ።

ፋብሪካ ውስጥ ከጎኔ ያለውን የፈትል መኪና የምታንቀሳቅስ ጎልማሳ ሴት ነበረች፤ እንደሷ የሚያስቀኝ ሰው አልነበረም። መኪናው ስለሚጮህ ስታወራኝ አፏን ጆሮዬ ላይ ትደፋዋለች። «እኔ የምመርጠው እርስ በርሱ የሚነታረክ መንግሥት ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «አንድ ልብ የሆነ መንግሥት ጊዜ ይተርፈውና ወደኛ ይመጣል። ሦስት አራት ሆነው ሲጨቃጨቁ ግን ይረሱናል፤ እፎይ እንላለን።» ያቺው ሴት ናት ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ፊቷ ሳይስቅ፣ «ሰርጉ ፈረሰ አሉ። ቤተሰቦቹ ተጣልተዋል» ያለችኝ። እውነት ይሁን ውሸት ማን ያውቃል? ሾፌሮቹ ሁሉ ያንኑ ይሉ ነበር።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። መቀሱን አስቀመጠ። ከዚያ እናቴን ሳያይ «ወንድምሽ መቼ ነው የሚጭነው?» አለ። ሐሙስ ነበር የሚጭነው። እናቴ የዚያኑ ማታ ስንቅ ማዘጋጀት ጀመረች። እኔ ልብሱን አጠብኩለት፤ ውጭ እንዳይሰጣ ጓዳ ውስጥ ነው የሰጣሁት። ወንድሜ ግን ሊሄድ ሲል የጥምረቱን ነገር ጨርሶ መጠየቅ ተወ።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ የቅሬ ጥሩምባ ተነፋ።

ቅሬ በሌላ አገር እድር የሚባለው ነው፤ ወሎ ውስጥ ግን ከዚያም ያልፋል። እኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቅሬው አንድ ነው። ጥሩምባው ሲነፋ ደም የተቃቡ ሰዎች እንኳ ወጥተው አንድ ቃሬዛ ይሸከማሉ፤ ወጣቱ መቆፈሪያ ይዞ ይወጣል። ያልወጣ ሰው ነገ የራሱን ሰው የሚቀብርለት አያገኝም። ወንድሜ በተደበቀ ጊዜ ያመለጠውን ቀብር ሁሉ የቅሬው ሽማግሌዎች «ልጁ አሰብ ነው» እያሉ ራሳቸው አልፈውለታል። እሱ ግን ያንገበግበው ነበር።

የዚያን ጠዋት ለፋፊው የጠራው የሞተ ሰው ስም ወንድሜን ከጓዳ አወጣው። ቁርዓን ያስተማሩት፣ ዓይናቸው የማያይ፣ ካራት ቤት ወዲያ ያሉት ሼኽ ናቸው። ታመው ስለነበር ማንም አልተጠራጠረም። ወንድሜ ቤቱ መካከል ቆሞ፣ «አባዬ፣ የሳቸውን ቀብር እኔ ሳልቆፍር?» አለ።

እናቴ በሩ ላይ ቆመች። «ነገ ትሄዳለህ። ዛሬን ብቻ፣ በአላህ! ዛሬን ብቻ!»

አባቴ ግን «የቅሬ ቀን ነው፤» አለ። «ኸቅሬ ላይ ሰው የወሰደ መንግሥት አላየሁም፤ ጃንሆይም አልወሰዱ፣ እነዚህም አልወሰዱ።» ዶማውን ከበሩ ጀርባ አንስቶ በገዛ እጁ ሰጠው። እኔም እንደሱ ነበር ያሰብኩት። በዚያ ሰፈር ከእናቴ በቀር ሌላ ያሰበ አልነበረም፤ እሷም የፈራችው በእናትነቷ እንጂ ቅሬውን ጠርጥራ አይደለም። ሌሎችም ቤቶች በራቸውን ሲከፍቱ ሰማሁ። ለካ በየጓዳው ስንት «አሰብ የሄደ» ልጅ ኖሯል!

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተከተልኳቸው። የሼኹ ደጃፍ ላይ ስንደርስ ሰው ሁሉ ዶማና አካፋ እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሼኹ የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው በራፋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ይኸን ያህል ሰው! ማነው የሞተ?» ብለው ጠየቁ።

 አንድ ሽማግሌ፣ «እርስዎ ነዎት ሼኻችን። እንዲያ ተብለን ነው የመጣን» አሉ።

«እኔ? አልሐምዱሊላህ! እኔስ አልሰማሁም» አሉና መሳቅ ጀመሩ። ግን ከኛ ቀድመው የሰሙት ነገር ነበር፤ የዓይነ ስውር ጆሮ ነውና። ፊታቸው ተለወጠ። «ልጆች፣ ሩጡ!» ብለው ጮኹ።

የሚሮጥበት አልነበረም። የመንገዱ ሁለት አፍ በታጣቂ ተዘግቷል። ጥሩምባ ነፊያችን፣ ያ ምስኪን ክርስቲያን፣ ከዋዜማው ጀምሮ ቀበሌ ታስሮ ጥሩምባውን ተቀምቷል፤ የነፋውም የለፈፈውም ከቀበሌው ጥበቃዎች አንዱ ነበር። ሽማግሌውን ወዲያ፣ ጎረምሳውን ወዲህ እያሉ ለዩ። ከቅሬው ሽማግሌዎች አንዱ «ይህን ጥሩምባ ነው የነፋችሁት? ይህን?» እያሉ ብቻቸውን ይናገሩ ነበር። ወንድሜ ዶማውን ከሼኹ ግድግዳ ጋር አስደግፎ አቆመ። እጃቸውን ስሞ «አብሽሩ» አላቸውና መኪናው ላይ ወጣ። አባቴ ከኋላው ሊወጣ ሲል በሰደፍ መለሱት።

ሐሙስ ጠዋት አጎቴ ኮምቦልቻ ላይ ጭኖ ጠበቀን። ሄጄ የነገርኩት እኔ ነኝ። መሪውን ይዞ «ላንድ ቀን?» አለ። «ላንድ ቀን!» ደግሞ ደጋግሞ ያንኑ አለ።

ከዚያ ቀን ወዲያ የሰርጉ ወሬ ቆመ። ሰርቪስ ውስጥ ሰው በግልጽ መናገር ጀመረ፤ ያ «የሚያውቁት ሰይጣን» ይል የነበረ የቢሮ ሰው እንኳ «የቅሬን ጥሩምባ ከነፉ ወዲያ ምን የቀረ ነገር አለ?» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ግንባሮቹ ይስማማሉ ወይ፣ ቢስማሙስ አገር መምራት ይችላሉ ወይ፣ እርስ በርስ አይበላሉም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ። እነዚህ ይሂዱ እንጂ የሚመጣው ማንም ይሁን ሆነ ነገሩ። ሰው ፈርዶ ነበር፤ መፍረዱ ተገቢ ነበር፤ እኔም ፈርጃለሁ። ግን ያስፈራኝ ነበር። ለዓመታት ሲያመዛዝን የኖረ ከተማ ባንድ ጠዋት ማመዛዘን ሲተው ማየት ደስ አይልም።

እኛ ቤት ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ወንድሜ አጭር ሥልጠና ሰጥተውት ወደ ሰሜን ግንባር መሄዱን ሰማን። አሁን የተጣመሩት አሸነፉ በተባለ ቁጥር ልቤ ደንገጥ ብሎ ደስ ይለዋል፤ ከዚያ ያሸነፉት ማንን እንደሆነ ትዝ ይለኛል። አባቴ ሬዲዮውን ይከፍታል፣ ይዘጋዋል፣ መልሶ ይከፍተዋል። «እንዲገቡ እጸልያለሁ፤ መንገዳቸው ላይ ያለው ግን ልጄ ነው» አለኝ አንድ ማታ። እናቴ ስለ መንግሥት አንድ ቃል መናገር ተወች። አባቴን አልወቀሰችውም፤ ብትወቅሰው ይሻለው ነበር።

የገቡት በበልጉ መጨረሻ ነው። ከመግባታቸው በፊት የተሸነፈው ሠራዊት በደሴ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ፈሰሰ፤ ጫማ የሌለው፣ መሣሪያውን በዳቦ የሚለውጥ፣ ቆሞ የሚያንቀላፋ። እናቴና እኔ በጀሪካን ውሃ ይዘን መንገድ ዳር ቆምን። ውሃውን ሲጠጡ ፊታቸውን እናያለን። አንዱ የጠጣበትን ጣሳ ሲመልስልኝ «ማንን ነው የምትፈልጊው?» አለኝ፤ የወንድሜን መልክ ስነግረው «እህቴ፣ ሁላችንም እሱን እንመስላለን» ብሎኝ ሄደ። ወንድሜን አላየነውም።

በማግስቱ ታጋዮቹ ፒያሳን ሞሉት። ያ ሁሉ ሲያጨበጭብ የኖረ ሰው እልል አለ። አባቴም ከበረንዳው ወርዶ እጁን አንስቶ ነበር። ከዚያ ድንገት እጁን አወረደና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «ደስ ብሎኛል። ወላሂ፣ ደስ ብሎኛል» አለኝ፤ ፊቱ ግን የታመመ ሰው ፊት ነበር።

ወሬው የደረሰን ከሳምንታት በኋላ ነው። የተማረኩት ወታደሮች ኮምቦልቻ አጠገብ አንድ ግቢ ውስጥ ተሰብስበዋል፤ ወንድሜን እዚያ ያየ ሰው ተገኘ። በሕይወት አለ! እናቴ መሬት ሳመች። ሦስታችንም በመጀመሪያው መኪና ወረድን።

በሩ ላይ ሰልፍ ነበር፤ እናት፣ አባት፣ ሚስት። የምትጠብቀው ጸጉሯን ያሳጠረች ታጋይ ናት፤ በዕድሜ ከወንድሜ አትበልጥም። ክፉ ልጅ አልነበረችም። ተራችን ሲደርስ አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ልጄ ወታደር አይደለም። እናንተን ሲጠብቅ የኖረ ልጅ ነው፤ ጓዳ ተደብቆ። በቅሬ ጥሩምባ አታለው ነው የወሰዱት።»

«ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሉት፣ አባባ» አለችው በትሕትና።

እውነቷን ነው። ከፊታችን የነበረችው ሴት ልጄን ከገበያ ነው ያፈሱት ብላለች፤ ከኋላችን ያለው የኩታበር ገበሬ ከእርሻ ላይ ሊል ነው። አንዳችንም አልዋሸንም።

«ይጣራና ይለቀቃሉ።»

«መቼ ይጣራል?»

«ጊዜ ይወስዳል።»

አባቴ አልሄደም። ቆሞ ባርኔጣውን ያሽከረክራል። ልጅቷ አዘነችለት መሰለኝ፤ ወይም ሕዝቡን ጠይቁ ተብላ ይሆናል። «እስቲ እርስዎ ስለ አዲሱ መንግሥት ምን ይላሉ?» አለችው። «ድርጅቶች ሁሉ ተጣምረው የሚያቋቁሙት ነው። አሁን ማንም ሐሳቡን ያለ ፍርሃት መናገር ይችላል።»

አባቴን አየሁት። ያ ሁሉ ዓመት በሹክሹክታ ሲከራከር የኖረ ሰው ነው። በሰው ፊት፣ በቀን ብርሃን፣ ምን ታስባለህ ብሎ የጠየቀው ባለ መሣሪያ በሕይወቱ ይህች የመጀመሪያዋ ነበረች። በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ወደ ግቢው ተመለከተ። ጸጉራቸውን የተላጩ ልጆች መሬት ላይ በረድፍ ተቀምጠዋል፤ የኛ የትኛው እንደሆነ ከዚያ ርቀት አይለይም። እናቴ የኮቱን ጫፍ ይዛ ነበር።

«መጀመሪያ ልጄን አውጪልኝ» አላት። «ኸዚያ እነግርሻለሁ።»

ሳቀች። በሩን ግን አልከፈተችም።